«ደህና ናት» የሚባል በሽታ

ረቢአ ይመርን በቅርብ አላውቃትም፤ ይህን አስቀድሜ መናገር ይሻለኛል። ሁለት ዓመት ከሚሴ ላይ አጥር ለአጥር ስንኖር ጠዋት ጠዋት ሰላም ከመባባል ያለፈ ነገር አልነበረንም። ከእሷ አፍ የሰማሁት በሦስት ከሰዓት በኋላዎች ብቻ ነው። የቀረውን ከክሊኒኩ ድሬሰር ከአምባዬና ከሁለት የጨፋ ሴቶች ለቃቅሜ ገጣጠምሁት። የሳትሁት ነገር ካለ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእነሱ አይደለም።

ያኔ እሷ የሠራችበት የከሚሴ ክሊኒክ ከደሴ መንገድ ዳር ያለች ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ሐኪሙም፣ አስታማሚውም፣ መድኃኒት አዳዩም አምባዬ ገብረሥላሴ የሚባል ከምንጃር የመጣ ድሬሰር ነበር፤ ሕዝቡ ግን «ዶክተር» ይለዋል። ረቢአ በ1952 ዓ.ም. የተቀጠረችው ወለል ልትጠርግ፣ ውሃ ልትቀዳና መርፌ ልትቀቅል ነው። መዝገቡ ላይ «ጽዳት» ተብላ ተጻፈች፤ «ጽዳት» እንደተባለችም ቀረች። ነገር ግን ሁለት ሳምንት ሳይሞላት አስተርጓሚ ሆነች፤ አምባዬ ኦሮምኛ አይሰማም፣ ከጨፋ የሚመጡት ሴቶች ደግሞ ሆዳቸውን ሲያማቸው በአማርኛ አያማቸውም። በሦስተኛው ወር እጅ ሆነች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምጥ የያዛትን ሴት ወንድ አያያትም። ባሏ እንኳ ከቤት ይወጣል፤ እንኳንስ ከሌላ አገር የመጣ ሱሪ ለባሽ። ስለዚህ አምባዬ አንድ ጣቃ አቡጀዲ በገመድ አንጠልጥሎ ክፍሉን ለሁለት ከፈለው። ረቢአና ወላዷ ከወዲያ፣ እሱ ከወዲህ። ጀርባውን ለመጋረጃው ሰጥቶ ይቀመጥና መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያዛል።

«እጅሽን ሆዷ ላይ አድርጊ። ምን ይሰማሻል?»

«ዱባ።»

«ዱባ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ያልበሰለ ዱባ ነዋ! ቢያንኳኩት ኳ የሚል።»

«ረቢአ፣ መጽሐፉ ላይ ዱባ የሚል የለም።»

«እንግዲያው መጽሐፉን ወዲህ ይላኩትና እሱ ይዳብሳት!»

እንዲህ እየተነታረኩ ተግባቡ። ልጅ ከተወለደ በኋላ ማህፀኑ ተኮማትሮ ሲጠነክር «ትርንጎ ሆነ» ትለዋለች፤ እሱም እፎይ ብሎ መጽሐፉን ያጥፋል። «ሊጥ ነው» ካለች ግን ከወንበሩ ይነሳል፤ ሊጥ የሆነ ማህፀን ደም አይቋጥርምና። መርፌ ሲያስፈልግ ረቢአ የሴትዮዋን ክንድ በመጋረጃው ጠርዝ ታወጣለታለች፤ እሱ ወግቶ ይመልሳል። አምባዬ በአራት ዓመት ውስጥ ከመቶ የሚበልጡ ክንዶች እንደወጋና የአንዷንም ፊት እንዳላየ ሲናገር ሰምቼዋለሁ።

ረቢአ ትዕግሥተኛ ሴት አይደለችም። ይህን እሷም አትክድም። «ሦስት ቀን ቤት ያስቀምጧታል» አለችኝ። «ይዳብሷታል፣ ያስነጥሷታል፣ ለእንቶኔ ብለው ይሳላሉ። በአራተኛው ቀን እንደ ማሽላ ነዶ ተሸክመው አምጥተው ደጃችን ላይ ይዘረግፏታል። ከዚያ 'ኧረ ቶሎ በይ!' ይላሉ። ሦስቱን ቀን ማን ቶሎ በሉ አላቸው?» መጥተውም ቢሆን የሚፈልጉት መርፌ ብቻ ነው። መርፌ ካልተወጋች አልታከመችም። «ሆዷን አሽቼ፣ ሽንቷን አሸንቼ፣ ልጁን ጡት አስይዤ ደሙን ሳቆምላቸው 'መርፌውስ?' ይሉኛል። መርፌ ይውጋቸው!»

በ1954 ደሴ ላይ የአንድ ወር የማዋለድ ትምህርት ስላለ አንድ ሠራተኛ ይላክ የሚል ደብዳቤ መጣ። አምባዬ መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነውና «የሚያዋልደው እጅ የረቢአ ስለሆነ እሷ ትሂድ» ብሎ ጻፈ። ከሁለት ወር በኋላ መልስ ተላከ። ትምህርቱ ማንበብና መጻፍ ለሚችል የጤና ሠራተኛ እንጂ ለጽዳት አይሰጥም ይላል። ስለዚህ አምባዬ ራሱ ሄደ፤ ከመጋረጃው ወዲያ ረግጦ የማያውቀው፣ ወደፊትም የማይረግጠው እሱ።

«ወንዝ የማይገባው ሰው ዋና ሊማር ሄደ» አለች ረቢአ፣ በአውቶብሱ መስኮት እጁን እያወዛወዘላት ሲሄድ።

ወሩ አልቆ ሲመለስ ግን የተማረውን ለራሱ አላስቀረውም። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀው አንድ ነገር ነበር፤ ልጁ ተወልዶ እንግዴ ልጁ ሳይወጣ ሲቀርና ደም ሲፈስ፣ እጅ አስገብቶ ከማህፀን ግድግዳ ላይ መፈልቀቅ። ደሴ ላይ ያሳዩት ከጨርቅ በተሰፋ አሻንጉሊት ነው። ከሚሴ ላይ አሻንጉሊት ስለሌለ ከገበያ የፍየል ስልቻ ገዛ። ከውስጡ አንድ ክብ የበግ ለምድ በላላ ስፌት ሰፋበት፤ አፉንም አጥብቦ አሰረው።

«ዓይንሽን ጨፍኚ» አላት በክሊኒኩ ጓሮ። «አንዱ እጅሽ ከውጭ የስልቻውን አናት ደግፎ ይያዝ፤ እሱን ለአፍታ እንዳትለቂው። ሌላው ገብቶ የለምዱን ጠርዝ ይፈልግ። ስታገኚው በጣትሽ ጎን ቀስ እያልሽ ፈልቅቂው። አትጎትቺ፣ አትቧጭሪ። ሁሉም ሲላቀቅ ሙሉውን ባንዴ ይዘሽ ውጪ።»

ሊያሳያት ራሱ ሞከረና ስልቻውን ተረተረው። ሁለተኛ ስልቻ ተገዛ። የረቢአ እጅ ቀጭንና ረዥም ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ለምዱን ቀደደችው፣ በሁለተኛው ቀን ግማሹን ረስታ ወጣች፣ በሦስተኛው ቀን ሙሉውን አወጣች። አምባዬ እየሰፋ እሷ እየፈለቀቀች አርባ ጊዜ ያህል ደገሙት። በአጥሩ የሚያልፉ ሰዎች ቆም ብለው ያያሉ።

«ዶክተሩና ረቢአ ምን እየሠሩ ነው?»

«ስልቻ እያዋለዱ!»

«ወንድ ነው ሴት?»

ረቢአ አንገቷን ቀና ሳታደርግ «አህያ ነው! አባቱን ይመስላል፣ ና እቀፈው!» ትላለች።

ትምህርቱ ሲያልቅ አምባዬ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ ነገር ስሚኝ፤ እኔ ሳላዝሽ እጅሽን እንዳታስገቢ። ሴትዮዋ ብትሞት ፖሊስ የሚጠይቀው 'ማን ነካት?' ብሎ ነው። ጽዳቷ ነካቻት ከተባለ አንቺ ወህኒ ነሽ፣ እኔም ከጎንሽ ነኝ።»

«አንቱ ካላዘዙኝ አልነካም» አለች። ይህ ቃል ኋላ እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ይቆምባታል።

በ1955 የማሽላ አጨዳ ሰሞን፣ አንድ ሐሙስ ረፋዱ ላይ፣ ቃሲም የሚባል ወጣት ገበሬ በላብ የተነከረች በቅሎ እየሳበ ክሊኒኩ ደጅ ደረሰ። ከቦርከና ማዶ፣ ከጨፋ ሜዳ ነው የመጣው። ሰላምታው በአማርኛ ጀምሮ በኦሮምኛ ቀጥሎ በዓረብኛ ምስጋና እስኪያልቅ ረቢአ መጥረጊያዋን ይዛ ቆመች።

«ምን ሆናችሁ?» አለችው እንደጨረሰ።

«ምንም አልሆንን፣ አልሐምዱሊላህ። ሚስቴ ዘምዘም ጠዋት ተገላግላለች። ወንድ ልጅ ነው። ሁሉም ደህና ነው። ብቻ አባቴ ዶክተሩ ብቅ ቢል ደስ ይለናል ብለዋል።»

ረቢአ ወደ በቅሎዋ አየች። ደህና ለሆነ ነገር በቅሎ እስከዚህ አይሮጥም። «እንግዴ ልጁስ?»

ቃሲም ዓይኑን ወደ መሬት ጣለ። «እሱ… እንግዳ ነው፣ ትንሽ ቆየት ብሏል።»

ረቢአ ለአምባዬ ነገረችው። ቦርሳው ውስጥ የተቀቀለ መርፌ፣ ማህፀን የሚያኮማትረው መድኃኒት፣ አንድ ጥንድ የላስቲክ ጓንት፣ ሳሙና ከተቱ። ሌላ አንድ በቅሎ ተውሰው ቦርከናን ተሻገሩ።

ሲደርሱ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የቃሲም አባት አያ ሙሳ፣ ያገር ሽማግሌ ናቸው፤ ከቤቱ የድንጋይ ውርወራ ያህል ርቆ ካለው ዋርካ ሥር ለምራታቸው ወዳጃ አስቀምጠዋል። ወንዶቹ ክብ ሠርተው ጫት ይዘው ዱዓ ያደርጋሉ፤ አንዱ ይለምናል፣ ሌሎቹ «አሚን» ይላሉ። ረቢአ ወደ ቤቱ ገባች። አምባዬ እንደ ልማዱ ከግድግዳው ውጭ ሊቆም ተጠጋ። እሷ ይህን ብቻ ነው ያየችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ብታይ ኖሮ ያን ጊዜውኑ ትጮህ ነበር።

ውስጥ ዘምዘም የቆዳ ጀንዲ ላይ ተጋድማለች። አሥራ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። አዋላጇ እማ ሀዲጃ እግሯ ሥር ተቀምጣለች፤ አማቷ ፋጡሜ ልጁን ታቅፋለች። እትብቱ ወደ ውስጥ እንዳይመለስ በክር ተይዞ ከዘምዘም ጭን ጋር ታስሯል።

«ወገቧን አሽቻለሁ፣ እንዲወጣ ብዬ ጠርሙስ አስነፍቻታለሁ» አለች እማ ሀዲጃ። «እትብቱን ግን አልጎተትሁም። ጎትተው የገደሉትን አይቻለሁ።»

«አላህ ይስጥሽ እማ ሀዲጃ» አለች ረቢአ፤ ከልቧ ነው። እጇን ሆድ ላይ አሳረፈች። ሊጥ ነው። ጀንዲው ላይ ያለው ደም ከእግር እስከ ወገብ ደርሷል፤ ከሥሩም እየመጣ ነው። ዘምዘምን ደግፋ አሸናቻት። ልጁን ከፋጡሜ ተቀብላ ጡት አስያዘችው። ሆዷን በመዳፏ እያዞረች አሸች። ለአፍታ ጠንከር ይልና ተመልሶ ሊጥ ይሆናል።

«ጋሼ አምባዬ!» ብላ ወደ ግድግዳው ተጣራች። «ሊጥ ነው! መርፌውን ያዘጋጁ!»

ጮክ ብላ ደገመችው።

«ጋሼ አምባዬ!»

«ለምን ትጮሂያለሽ?» አለች ፋጡሜ። «ዶክተሩ እኮ ዋርካው ሥር ተቀምጧል።»

«ዋርካው ሥር ምን ይሠራል?»

«ታዲያ እንግዳ ግድግዳ ሥር ይቁም? ነውር አይደለም? እጁን ይዘው ወስደው አስቀመጡት።»

«ቦርሳውስ?»

«ቦርሳውን ተቀብለው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉለት። መሬት አላስነኩትም!»

ረቢአ ጥርሷን ነከሰች። «ሂጂና እንዲህ በይው፤ ደም እየፈሰሰ ነው፣ እንግዴ ልጁ አልወጣም፣ ምን ላድርግ?»

ፋጡሜ ወጣች። እሷ ወንዶቹ ዘንድ መቅረብ ስለማይሆንላት ግቢው መሐል ለቆመው ለልጇ ለቃሲም ነገረችው። ቃሲም ዱዓ ማቋረጥ ስለማይቻል «አሚን» እስኪባል ጠበቀ፤ ከዚያ ለአባቱ በጆሯቸው ሹክ አለ። አያ ሙሳ ወደ አምባዬ ዞሩ።

«እንዴት ናት?» ብሎ አምባዬ ጠየቀ።

«ደህና ናት፣ አልሐምዱሊላህ» አሉ አያ ሙሳ።

አያ ሙሳ ውሸታም አይደሉም። ረቢአም ውሸታም አትላቸውም፤ የሚያንገበግባትም እሱ ነው። በዚያ አገር አልጋ ላይ ያለ ሰው እንዴት ነው ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ ነፍሱ ልትወጣ እያጣጣረም ቢሆን «ደህና ነው» ይባላል። ለወላድ ደግሞ ይብሳል። ደጇ ላይ መልአክ ቆሟል፤ የተባለውን «አሚን» ይላል። ክፉ ከተባለ ክፉውን ያጸድቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ደህንነቷ ይነገራል፣ ምስጋና ይከተላል፣ ችግሩ ካለ ቀስ ብሎ፣ በጎን፣ ቆይቶ ይመጣል። አምባዬ ግን የምንጃር ሰው ነው። «ደህና ናት» ሲሉት ደህና መስሎት አረፈ።

ፋጡሜ ፊቷ በርቶ ተመለሰች። «ነገርነው።»

«እሺ፣ ምን አለ?»

«'እግዚአብሔር ይመስገን' አለ።»

ረቢአ እጇ ሆዱ ላይ እንዳለ ቀና አለች። «ሌላስ? ምን አድርጊ አለ?»

«ምንም። በጣም ደስ ብሎታል።»

ረቢአ ስታወራኝ እዚህ ላይ ስትደርስ ተነስታ በክፍሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመላለሰች። «ደስ ብሎታል! ሴትዮዋ እንደ ተገለበጠ እንስራ እየፈሰሰች፣ እሱ ደስ ብሎታል!»

እንደገና ላከች። ይህን ጊዜ ፋጡሜን ትከሻዋን ይዛ ፊት ለፊት ተናገረቻት። «'ደሙ ጨምሯል፣ መርፌውን ይዘው ይምጡ' በይ። ሌላ ነገር አትጨምሪ። ደህና ናት የሚባል ቃል ካፍሽ እንዳይወጣ።»

«ኧረ እንዲህ አይባልም!» አለች ፋጡሜ ደንግጣ፣ ጎንበስ ብላም የሕፃኑን ጆሮ ሸፈነች። ግን ወጣች።

መልእክቱ በያንዳንዱ አፍ ባለፈ ቁጥር እየጣፈጠ ዋርካው ሥር ደረሰ። ፋጡሜ ስትመለስ አንድ ቅል ወተት ይዛለች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ላንቺ ነው። ደክሟታል፣ ትጠጣ ብለዋል። ለዘምዘምም ዳግመኛ ዱዓ ተደርጎላታል፤ ዶክተሩም አብሮ አሚን ብሏል።»

ረቢአ ወተቱን አየችው። ሳቋ ይሁን ለቅሶዋ ያልለየለት ድምፅ ካፏ ወጣ። የዚያን ጊዜ ዘምዘም አዛጋች። ደም ያለቀበት ሰው እንደሚያዛጋው፣ ረዥም። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ለምን ጨለመ?» አለች በኦሮምኛ። የስምንት ሰዓት ፀሐይ በበሩ ገብታ እግሯ ላይ ወድቃለች።

መርፌውም ጓንቱም ቅርንጫፍ ላይ ነው፤ የሚያዘው ሰው ዱዓ ላይ ነው። ሳይታዘዙ መንካት ወህኒ ነው። ክፉ ቃል መናገር ደግሞ በዚያ አገር ከወህኒ ይብሳል፤ ከወህኒ ይወጣል፣ ሟርተኛ ከተባሉ ግን መውጫ የለም። ረቢአ ይህን ሁሉ ታውቃለች። እዚያው ነው የተወለደችው።

«እማ ሀዲጃ፣ ነይ ሆዷን እሺላት፣ እንዳታቆሚ» ብላ ቦታዋን ሰጠቻትና ወጣች።

እስከ ክንዷ ደም ለብሳ፣ ሻሿ ተንሸራቶ፣ በቀጥታ ወደ ዋርካው። ሴት እንኳን በወሊድ ደም፣ ታጥባና ተከናንባም ወደዚያ ክብ አትገባም። ዱዓው በመሐል ተቆረጠ።

«ደህና አይደለችም» አለች ረቢአ። «እየሞተች ነው።»

ወንዶቹ «አዑዙ ቢላህ!» ብለው ዘወር አሉ። አያ ሙሳ ዘንጋቸውን ይዘው ተነሱ። «አፍሽን ያዢ! ቤቴ ላይ ታሟርቻለሽ? ሟርተኛ!»

«እየሞተች ነው! ሦስተኛም ልበለው? እየሞተች ነው!» ቦርሳውን ከቅርንጫፉ ላይ ስትጎትተው ቅርንጫፉም አብሮ ተገነጠለ። ከዚያ ለእንግድነቱ ከቀረበለት ማር የነካ ጣቱን ይዞ ወደ ደነገጠው አምባዬ ዞረች። በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ከአንቱ ዝቅ አድርጋው አታውቅም። «ምን ትጎለታለህ! ተነስ!»

ተነሳ። ሮጡ። እሱ ከግድግዳው ውጭ ሲቆም እሷ ገባች።

«ምን ያህል ፈሷል?»

«ጀንዲው ሞልቶ ወለሉ እየጠጣ ነው!»

«ማህፀኑስ?»

«ሊጥ አልኩ እኮ! ሊጥ! ሊጥ!»

«እንግዴ ልጁ?»

«አልወጣም!» እየመለሰች እጇን በሳሙናና በሙቅ ውሃ እየታጠበች ነው። ጓንቱን አወጣች፤ ግራው በመቀቀል ብዛት ተሰንጥቋል። ቀኙን አጠለቀች። ከዚያ ትእዛዙን ጠበቀች።

ከግድግዳው ወዲያ የሚሰማው የወረቀት ድምፅ ነው። አምባዬ መጽሐፉን እየገለጠ ነበር።

«ጋሼ አምባዬ!»

«ቆይ፣ ገጹን…»

«ገጹ እስኪገኝ ትጨርሳለች» አለች ረቢአ፣ ለእሱ ሳይሆን ለራሷ፤ ግራ እጇን ሆድ ላይ አድርጋ የማህፀኑን አናት ያዘች። ቢስሚላህ ብላ ቀኙን አስገባች። አምባዬ በመጨረሻ «አስገቢ!» ብሎ ሲጮህ እጇ ከገባ ቆይቷል።

ስልቻ አይሞቅም። ስልቻ አይጮህም። ስልቻ ጣት ላይ አይጨብጥም። ይህን ማንም አልነገራትም። እትብቱን ተከትላ ገባች፤ ዓይኗን ጨፈነች። ጠርዙን አጣችው። ዘምዘም ጮኸች፤ ፋጡሜ «ገደለቻት!» አለች፤ እማ ሀዲጃ «ዝም በይ አንቺ!» አለቻት። ረቢአ ቀስ ብላ ጣቷን ወደ ጎን አሳለፈች፤ እዚያ ነበር፣ እንደ ቂጣ ዳር ወፈር ያለ። በጣቷ ጎን ጀመረች። መጎተት የለም፣ መቧጨር የለም። አንድ ቦታ ላይ ተጣብቆ እምቢ አላት፤ ዞራ በሌላ በኩል መጣችበት። ሲላቀቅ መዳፏ ላይ ክብደቱ ወደቀ። ሙሉውን ይዛ ወጣች።

እማ ሀዲጃ ተቀብላ ብርሃን ላይ ገለባበጠችው። «ሙሉ ነው። አንድም አልጎደለ።»

ዘምዘምን ከነጀንዲው ወደ በሩ ጎተቷት። ፋጡሜ በራፉ ላይ ጋቢ ዘረጋች፤ ረቢአ የዘምዘምን ክንድ በጋቢው ሥር አወጣች፣ አምባዬ ወጋ። ከዚያ ሁለቱ ሴቶች እየተፈራረቁ ሆዱን አሹት። የስግደት ጥሪ ሲሰማ ረቢአ መዳፏ ሥር የሆነ ነገር ሲሰበሰብ ተሰማት።

«ትርንጎ» አለች።

ከግድግዳው ወዲያ አንድ ሰው መሬት ላይ ዝርፍጥ ብሎ ሲቀመጥ ተሰማ።

ዘምዘም ተረፈች። አምባዬ አምስት ቀን እየተመላለሰ ፔኒሲሊን ወጋት፤ ከአራስ ቤት ስትወጣም ሁለት ወር ያህል ግድግዳ እየያዘች ነበር የምትሄደው። አያ ሙሳ ለአምባዬ ሙክት ሰጡት። ለረቢአ ሰላምታ እንኳ አልሰጧት። ሴትዮዋ የዳነችው በዱዓው ነው ተባለ፤ ይሁን፣ ረቢአም ዱዓ አትጠላም። ያን ሁሉ ደም ያስፈሰሰው ግን የረቢአ ሟርት ነው ተባለ።

«ደሙ ቀድሞ፣ ቃሉ ኋላ!» አለችኝ ጉልበቷን በመዳፏ እየመታች። «የቱ እንደቀደመ እንኳ መለየት ያቅታቸዋል? እኔ የተናገርሁት እኮ ፈሶ ፈሶ ካለቀ በኋላ ነው!» ከዚያ ወዲያ ከሚሴ ገበያ ላይ ነፍሰ ጡሮች ሲያዩዋት ነጠላቸውን ሆዳቸው ላይ ይደርቡ ነበር።

አምባዬም በበኩሉ አበሳጫት። ለበላዮቹ የጻፈውን ሪፖርት አነበበላት፤ «በእኔ ትእዛዝና በረዳት እገዛ» ይላል።

«እኔ የት አለሁ?»

«ረዳት የሚለው ውስጥ አለሽ።»

«ረዳት ስሜ ነው?»

«ስምሽን ከጻፍሁ፣ ጽዳት ምን አግብቷት ብለው ያባርሩሻል። ከዚያ ማን እጁን ያስገባል? እኔ?»

እውነቱን ነው፤ እውነት መሆኑ ይበልጥ አናደዳት። ከጥቂት ወራት በኋላ ለድሬሰር አምባዬ የምስጋና ደብዳቤ መጣ። በመስታወት ተደርጎ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። መስታወቱን ጠዋት ጠዋት የምትወለውለው ረቢአ ናት፤ ሥራዋ ነውና።

አንድ ነገር ግን ለወጡ። አምባዬ ከዚያ ቀን ወዲህ የማንንም ቤተሰብ «እንዴት ናት?» ብሎ አይጠይቅም። «ስንት ጨርቅ ራሰ?» ይላል። ቁጥር ሟርት አይደለም፤ አራት ማለት ክፉ መናገር አይደለም። ይህን ያወጣችው ረቢአ ናት። እርግጥ ሰው ሰው ነውና ጥቂት ሳይቆይ ጨርቁንም ማሳነስ ጀመሩ። «አንድ ብቻ፣ አልሐምዱሊላህ!» ይላሉ፣ አንዷ ጨርቅ ግን ሙሉ ጋቢ ትሆናለች።

ዘምዘም በተረፈች በሦስተኛው ወር ሰንበቴ ከተማ አቅራቢያ ካለ መንደር አንድ ሰው ደጇን አንኳኳ። እህቱ ምጥ ላይ ናት። «ዶክተሩ ይቅር፣ አንቺ ነይልን» አላት። «ብቻ አፍሽን እቤት ትተሽ ነይ ብለዋል።»

«አፌን ትቼ በምን ልጠይቃት? በጆሮዬ?» አለችው። ግን ነጠላዋን አንስታ ተከተለችው። ከዚያ በኋላም ሄዳለች፣ ስንት ቦታ እንደሆነ ራሷም አታውቀውም፤ እየተሳደበች ሄዳ፣ እየተሳደበች ትመለሳለች።

ዘምዘም ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ በስምንተኛው ወር ቦርከናን በእግሯ ተሻግራ ክሊኒኩ መጣችና ረቢአ ቤት አንድ ጥግ ላይ ዕቃዋን አስቀመጠች። «እስክወልድ እዚህ ነኝ» አለች። «እዚህ ግቢ ዋርካ የለም።»

ይህን በሦስተኛው ቀን ነበር የነገረችኝ። ሻይ ቀድታልኛለች፤ እሷ ዘንቢል ትሰፋለች። አንድ ነገር ግን አልገባኝም ነበርና፣ መጠየቅ እንደማይሆንልኝ እያወቅሁ ጠየቅሁ። እማ ሀዲጃም ፋጡሜም ያንኑ ደም አይተዋል፤ ያን ቃል አውጥቶ ለመናገር ግን አንዳቸውም አልደፈሩም። ረቢአም እንደነሱ ክፉ ቃል ክፉ ይጠራል እየተባለች ያደገች ናት። ታዲያ ከዘምዘም በፊት «ደህና ናት» እየተባለላት ያለቀች ሴት አይታ ነበር? ማን ነበረች?

ረቢአ ስፌቷን አቆመች። ወስፌውን ዘንቢሉ ላይ ሰካችው።

«ይህን አልመልስም» አለች።